ከኋላ የታየ በሬ

ዳማ የጠፋው ሰማዩ ማጉረምረም በጀመረበት ሰሞን ነው። ቀን ከመንጋው ጋር በፈጠም ወንዝ ዳር ሲግጥ ዋለ። ማታ ከብቱ ሲገባ ጥንዱ ሻንቆ ብቻውን መጣ። አያ ቢሆነኝ በረቱ በር ላይ ቆሞ ጠበቀ። ጠብቆ ጠብቆ ሲያበቃ ዱላውን አንሥቶ ወደ ወንዙ ወረደ። ዱካ አላገኘም። ከቀትር በኋላ የጣለው ዝናብ ምድሩን አጥቦታል።

በሬ በሬ የሚባለው ጥንድ ሲሆን ነው። አንዱ የጎደለ እንደሆነ የቀረው በረት ያሞቃል እንጂ አያርስም። ቢሆነኝ ይህን ያውቃል። ጎረቤቱ ዘሚካኤልም ያውቃል። ስለዚህ በማግሥቱ ጧት ዘሚካኤል ጋቢውን አጣፍቶ፣ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ መጣ።

«አያ ቢሆነኝ፣ እግዜር ያጽናዎት።»

«በሬ ነው የጠፋኝ። ሰው አልሞተብኝም።»

«እሱማ እሱ ነው። ግን ክረምቱ ደረሰ። መሬቱን ለእኩል ቢሰጡኝ ብዬ ነው። እኔ አርሳለሁ፣ ምርቱን እንካፈላለን። አንቱም ያርፋሉ።»

«ለስንት ክረምት?»

«ኧረ ለዘንድሮ ብቻ።»

ቢሆነኝ በዚያ ቀዬ፣ በእሱ ዕድሜ፣ ለአንድ ክረምት ብሎ እርፍ ያስቀመጠ ሰው ተመልሶ ሲጨብጥ አላየም። መጀመሪያ መሬቱ ለእኩል ይሄዳል። ቀጥሎ ሞፈሩ የአጥር ድጋፍ ይሆናል። ከዚያ ባለቤቱ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ መንገደኛ ሲያልፍ ቀና እያለ የሚውል ሰው ይሆናል። የቢሆነኝ ልጆች ከተማ ገብተዋል። እርፉን የሚረከበው የለም። እሱ ደግሞ ጉልበቱ አልከዳውም።

«ስማ» አለው። «እስከ ሰኔ ሚካኤል በሬዬን ካላገኘሁ መሬቱን እረሰው። ካገኘሁ ግን ይህችን ነገር ሁለተኛ ደጄ ላይ እንዳታነሣት።»

«እሽ አያ» አለ ዘሚካኤል። ሲወጣ ግን የመሬቱን ወሰን ከዳር እስከ ዳር በዓይኑ ለካው። ቢሆነኝም ሲለካው አየው።

በዚህ አገር የባዘነ ከብት ያገኘ ሰው አስሮ ይቀልባል እንጂ አያውጅም። ያወጀ እንደሆነ ሌባ ሁሉ ባለቤት ነኝ ብሎ ይመጣል። ስለዚህ ገበያ ወጥቶ ጆሮውን ይከፍታል። ከብት ጠፋኝ የሚል ሰው ምልክቱን ሲናገር ያደምጣል። የገጠመለት እንደሆነ ይጠራዋል። ያልገጠመለት እንደሆነ አፉን ዘግቶ ቤቱ ይገባል። ሥርዓቱ ይኸው ነው።

ቢሆነኝ ቡሬ ገበያ ወጣ። ከከብት ተራው መግቢያ ላይ ደላላው ሐብቴ ቆሟል። ሐብቴ እኩያው ነው። የሰው ስም ይረሳል እንጂ የበሬ መልክ አይረሳም።

«ምልክቱን ንገረኛ» አለው።

«መልኩ ዳማ ነው። ሻኛው ቀጥ ያለ። ቀንዱ ያማረ። ሲራመድ ምድር የሚሰማው።»

«አንተ ቢሆነኝ፣ ይኸ እኮ የሁሉም ሰው በሬ ነው! በሬ ጠፋኝ ብሎ እዚህ የመጣ ሁሉ እንዲሁ ነው የሚለኝ። ሻኛው የወደቀ በሬ ጠፋኝ ያለ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም።»

በዙሪያው የቆሙት ሳቁ።

«ፎቶ የለህም?»

«የለኝም።»

ባለፈው ፋሲካ ልጁ ከባሕር ዳር መጥቶ በሬውን በስልክ ላንሣው ቢል ያባረረው እሱ ራሱ ነው። የሰው በሬ ከስልክ ስልክ ሲዞር ስንት ዓይን ያርፍበታል? ያን ጊዜ ልክ መስሎት ነበር። አሁንም ልክ ይመስለዋል። ፎቶ ግን የለም።

«እንግዲያ አሥለው!» አለ ሐብቴ። «እንደ ጊዮርጊስ ፈረስ አድርገህ አሥለውና ይዘኸው ና።»

ሰው ሁሉ እንደ ገና ሳቀ። ቢሆነኝ አልሳቀም። ነገሩን ይዞ ሄደ።

በማግሥቱ በሚኒባስ ተሳፍሮ ፍኖተ ሰላም ገባ።

ውዳሴ የሟች እኅቱ ልጅ ናት። እዚያው ከተማ ሥዕል ታስተምራለች። አጎቷን ደጃፏ ላይ ስታይ ደነገጠች። በሬው ነው የጠፋው ሲላት ደግሞ ደስ አላት፤ ሰው የሞተ መስሏት ነበር። አብልታ አጠጥታ ስታበቃ ቢሆነኝ ነገሩን ጀመረ።

«በሬዬን ሣዪልኝ።»

«እሽ፣ ይንገሩኝ።»

ነገራት። በእርሳስ ሣለች። አየውና ራሱን ነቀነቀ።

«ይኸ በሬ ነው። ዳማ ግን አይደለም።»

ሌላ ሣለች። «አይደለም» አለ። ሦስተኛ ሣለች። «የእሱ ወንድም ቢሆን ነው።»

«አጎቴ፣ ምኑ ነው ያልሆነው?»

«እንጃ። ሁሉ ነገሩ።»

ውዳሴ እርሳሱን አስቀመጠች። «እኔ ያላየሁትን በሬ እስከ መስቀል ብሥል አልደርስበትም። የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። እጁም የእርስዎ ይሁን።»

«የኔ እጅ? እኔ ስሜን የምጽፍ እንኳ ላብ አጥምቆኝ ነው።»

«በሬ ከስም ይቀላል» አለችና ከመደርደሪያው ላይ ጠፍጣፋ ሣጥን አወረደች።

ሣጥኑን ስትከፍተው ጣት ጣት የሚያህሉ ቀለሞች ጎን ለጎን ተኝተዋል። በርበሬ የመሰለ ቀይ አለ። አደይ አበባ የመሰለ ቢጫ አለ። ሰማያዊው ብቻ አራት ዓይነት ነው።

«ፓስቴል ይባላል» አለች። «ለስላሳ ጠመኔ ይበሉት። ውኃ የለ፣ ብሩሽ የለ። ወረቀቱ፣ እሱና የእርስዎ ጣት ብቻ።»

ቢሆነኝ ጎንበስ ብሎ ሣጥኑን ከዳር እስከ ዳር መረመረ።

«ዳማ የለም።»

«የለም።»

«ይኸ ሁሉ ተደርድሮ ዳማ ከሌለ ምን ይጠቅማል?»

«ዳማ ከሣጥን አይወጣም አጎቴ። ወረቀት ላይ ነው የሚሠራ።»

ቡናማውን አነሣ። ጨበጠና ወረቀቱ ላይ ጫነው። ቀጭ ብሎ ለሁለት ተሰበረ። እጁን እንደ ሌባ ሰበሰበ።

«አይጨነቁ። የተሰበረውም ያው ይሥላል» አለችው። «ብቻ እንደ እርፍ አይጨብጡት። እንደ ጫጩት ይያዙት። እንዳያመልጥዎ፣ እንዳይሞትብዎም።»

እንደ ጫጩት ያዘው። ወረቀቱ ሻካራ ነው። ጠመኔው ሲያልፍበት ቀለሙ በሻካራው ላይ እየተያዘ ቀረ። ለምን ሻካራ እንደሆነ ውዳሴ ልታስረዳው ስትል ቀደማት። «ገብቶኛል። ያልታረሰ መሬት ዘር አይዝም።»

በዚያን ዕለት በሬ አላሣለችውም። ከጓሮዋ ማንጎ ቆርጣ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችለት። መጀመሪያ የጠመኔውን ጎን አጋድሞ ትልቁን ነገር መጣል እንዳለበት አሳየችው። ቢሆነኝ ከማንጎው አንገት ላይ ካለችው ትንሽ እንጨት ሊጀምር ሲል እጁን ያዘችው።

«ቤት ሲሠሩ ከጉልላቱ ነው የሚጀምሩ?»

«አይ።»

«እንግዲያ ይተዋት። ትደርሳለች። መጀመሪያ ጨለማው፣ ቀጥሎ መካከለኛው፣ ብርሃኑ መጨረሻ።»

ለጥላው ጥቁሩን አነሣ። ጥቁሩን ከእጁ ወስዳ ወይን ጠጁን ሰጠችው።

«ማንጎ ወይን ጠጅ ነው እንዴ?»

«ይሞክሩትማ።»

ወይን ጠጁን አደረገበት። በላዩ ላይ አረንጓዴ ጣለበት። በአመልካች ጣቱ አሸት አሸት አደረገው። ሁለቱ ቀለሞች ተዋሕደው ማንጎው ከወረቀቱ ላይ ሆድ አወጣ፤ ከበደ፤ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ቢሆነኝ ጣቱን አየ። ማንጎውን አየ። እንደ ገና ጣቱን አየ።

«እህ» አለ። እሱ እንዲህ ካለ ብዙ ተናገረ ማለት ነው።

እዚያው ሰነበተ። ውዳሴ ጧት ልታስተምር ስትሄድ ማንጎውን፣ ጀሪካኑን፣ በግድግዳው ጥግ የቆመውን መጥረጊያ እየሣለ ይቆያታል። የተረፈውን የጠመኔ ዱቄት በእጁ ሲጠርግ ሥዕሉን ያበላሽ ነበር፤ ቆይቶ ወረቀቱን አዘንብሎ ማራገፍ ለመደ። ጠመኔ መስበሩንም ተወ። እጁ ለሥራ የኖረ እጅ ነው፤ የሚፈለግበትን ካወቀ አያስቸግርም።

በመጨረሻ በሬውን ሣለ። ጎኑን ሰጥቶ እንዲቆም አድርጎ ሣለው፤ በልጅነቱ በፊደል መማሪያ መጽሐፍ ላይ ያየው በሬ እንዲያ ነበር የቆመው። ሥር ሥሩን ወይን ጠጅ፣ በላዩ ቡናማ፣ በላዩ ቀይ፣ ከጀርባው ላይ ፀሐይ እንዳረፈበት ጥቂት ብርቱካን። ዳማው መጣ። ሻኛው እንደ ተራራ ቆመ። ሁለቱ ቀንዶች እኩል ወደ ላይ ወጡ። ጭራው እየተወዛወዘ እስከ ሰኮናው ወረደ።

ውዳሴ ረዘም ላለ ጊዜ አየችው። «እንዲህ ነው?»

«እንዲህ ነው» አለ ቢሆነኝ። ሲመልስላት ግን ፊቷን አላየም።

የጸጉር መርጫ አምጥታ ነፋችበት። «እንዳይረግፍ ነው» አለችው። ጠቅልላ ሰጠችው።

ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ እማዋይሽ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወረቀቱን ተቀበለች። በሩ ላይ ወጥታ በብርሃን አየችው።

«ሲያምር!» አለች። «የማን በሬ ነው?»

«የማን በሬ ነው ትያለሽ? ዳማ ነዋ!»

«ዳማ?» ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አቀረበች። «ታዲያ ጭራው ከየት መጣ? ጥጃ ሳለ ጅብ ቆርጦት የለም እንዴ? ቀንዱስ? ያ የተንጋደደው ቀንዱ መቼ ተቃና?»

«አንቺ ሴት...»

«ዳሌውስ? ገደል የገባ ጊዜ የወለቀው ዳሌውስ?» ወረቀቱን መለሰችለት። «ይኸ በሬ ቢመጣ እኔ በረት አላስገባውም። የሰው ነው።»

ቢሆነኝ ተቆጣ። በሬውን በገበያ መሀል የሚያማ ገበሬ የት አለ? ዛሬ ጭራው ቆራጣ ነው ያለ ሰው፣ ነገ ሊሸጠው ቢያወጣ ማን ይገዛዋል? ገበያ አይረሳም። «የዚያ የቆራጣው በሬ ባለቤት» እየተባለ መኖርስ አለ። ወረቀቱን ጠቅልሎ ቆጥ ላይ ሰቀለው። እማዋይሽም ወደ ምድጃዋ ተመለሰች። አንድ ጊዜ ብላዋለች።

የገበያ ዕለት ሥዕሉን ይዞ ወጣ። ከከብት ተራው መግቢያ ላይ ዘረጋው። ሰው እንደ ንብ ሰፈረበት።

«ኧረ ወዲያ! ይኸስ በሬ አይደለም፣ ሙሽራ ነው!»

«ማን ነው የሣለው? ቢሆነኝ? የትኛው ቢሆነኝ?»

«በእጅህ አትንካው አንተ፣ ቅቤ ይዘሃል!»

«እኔ ይኸን በሬ ባገኘው ኖሮ ሚስቴን ፈትቼ ከእሱ ጋር እኖር ነበር።»

ሐብቴ ሕዝቡን በክንዱ ገፍቶ ገባና አየ። መቀለዱን ትቶ አየ። «እጅህ ይባረክ» አለ። «ግን ምዬ እነግርሃለሁ፤ እንዲህ ያለ በሬ በዚህ ገበያ አላለፈም። ቢያልፍ ኖሮ እስከ ዛሬ ወሬው አይበርድም ነበር።»

ከሰዉ ኋላ በቅሎ የሚስብ ረጅም ሰው ቆሞ ነበር። በሰዎች ትከሻ ላይ አሻግሮ ሥዕሉን አየ። ብዙ ቆየ። ራሱን ነቀነቀና በቅሎውን ስቦ ሄደ። ቢሆነኝ አይቶታል። ሰው ሁሉ ሲያወራ ዝም ያለው እሱ ብቻ ስለነበረ ነው ያየው።

እስኪመሽ ቆመ። ምስጋና ጠገበ። የበሬ ወሬ ግን አላገኘም። ሰኔ ገብቷል። ሲመለስ ዘሚካኤልን ከአጥሩ ማዶ ሞፈሩን ሲጠርብ አገኘው። ከወትሮው ጠንከር ያለ ሞፈር ነው፤ ለሰፊ መሬት የሚሆን።

በነጋታው ተመልሶ ፍኖተ ሰላም ሄደ።

«አልተገኘም?» አለች ውዳሴ።

«አልተገኘም። ሰው ሁሉ አመሰገነኝ።»

«እማዋይሽስ አየችው?»

ቢሆነኝ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። «የማን በሬ ነው አለችኝ።»

ውዳሴ አልሳቀችም። ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። «እና የማን ነው?»

«የኔው ነው። ብቻ...» አለና ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አዞረ። ከዚያ አንድ በአንድ ነገራት። ጭራውን ጅብ መቁረጡን። ዳሌውን። ቀንዱን። «ታዲያ በሬዬን በአደባባይ ላዋርደው? ሰባት ክረምት ያበላኝን?»

«አጎቴ፣ መልከ መልካም ዳማ በሬ ስንት አለ?»

«ሞልቷል።»

«ጭራው የተቆረጠ፣ ዳሌው የወለቀ፣ ቀንዱ የተንጋደደ ዳማስ?»

ቢሆነኝ ሣጥኑን ወደ ራሱ ሳበ።

እንደ ገና ጎኑን ሰጥቶ የቆመ በሬ ጀመረ። ጭራውን አሳጠረ። ቀንዱ ላይ ሲደርስ ግን እጁ ቆመ። የወደቀው የትኛው ነው? የቀኙ ነው የግራው? ዓይኑን ጨፈነ። ከጎን ቢያስበው አልመጣለትም። ሰባት ክረምት አብሮት የኖረውን በሬ፣ ቀንዱ በየት በኩል እንደወደቀ አጣው። ላብ አጠመቀው።

ተነሣ። ከውዳሴ ቤት ወለል መካከል ቆመ። ቀኝ እጁን እርፍ እንደጨበጠ ወደ ፊት ዘረጋ። ግራ እጁን ጅራፍ እንደያዘ ከፍ አደረገ። አንድ ሁለት እርምጃ ሄደ።

«ዳማ በቀኝ ነው» አለ ለራሱ። «ሻንቆ በግራ። ቀንዱ... ወደ ሻንቆ በኩል ነው የወረደው። ሻንቆን ይወጋዋል እያልሁ እፈራ ነበር።» ዞሮ አያት። «ግራው ነው! የግራ ቀንዱ ነው!»

ውዳሴ ከወንበሯ ተነሣች። «ቆይ፣ አጎቴ። በሬውን የሚያዩት ከኋላ ነው?»

«ገበሬ በሬውን ከኋላ ካልሆነ ከየት ያያል?»

«እንግዲያ ለምን ከጎን ይሥሉታል?»

ቢሆነኝ እጆቹን እንደዘረጋ ቀረ። «የበሬ ቂጥ ይዤ ገበያ ልውጣ?»

«ገበያ የሚወጡት ለምስጋና ነው ለበሬ?»

ተቀመጠ። አዲስ ወረቀት ወሰደ። ወይን ጠጁን አጋድሞ ሰፊውን የኋላ አካል ጣለ። ዓይኑን ሳይጨፍን አየው፤ ሁሉም ነገር እየተራመደ ከፊቱ ይሄዳል። የግራ ዳሌው ከፍ፣ የቀኙ ዝቅ ያለ፤ ስለዚህ ጀርባው ወደ ቀኝ ያዘነበለ ጣራ ይመስላል። ጭራው እስከ ጉልበቱ ብቻ ይወርድና ጫፉ እንደ ተቆረጠ ገመድ ይቆማል። ከሻኛው ማዶ ሁለት ቀንድ፤ አንዱ ወደ ሰማይ፣ አንዱ ወደ ጉንጩ። ቡናማውን ደረበ። ቀዩን ደረበ። በጣቱ አሸ። ብርሃኑን መጨረሻ ላይ፣ በዚያ ከፍ ባለው ዳሌ ላይ ብቻ፣ አንድ ጊዜ አሳረፈ። ከዚያ ጠመኔውን አስቀመጠ።

«አለቀ» አለ።

«እንዲህ ነው?» አለች ውዳሴ።

አሁን ፊቷን እያየ መለሰላት። «እንዲህ ነው።»

መርጫውን ነፋችበት። ሲወጣ ጠፍጣፋውን ሣጥን ከነስብርባሪው በከረጢት አድርጋ ሰጠችው።

እማዋይሽ ወረቀቱን ገና ስትገልጠው «ዳማ!» አለች። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ጭራውን ግን ትንሽ ብታስረዝምለት ምን ነበረበት» አለች።

«ዝም በይ» አለ ቢሆነኝ። እሱም ሳቀ።

ለሰኔ ሚካኤል ጥቂት ቀርቶታል። ገበያው ጭቃ ነው። ቢሆነኝ በዚያው ቦታ ቆሞ ሥዕሉን ዘረጋ። ሰዉ ያን የመሰለ ሙሽራ በሬ ሊያይ እየተጋፋ መጥቶ ያየውን ሲያይ ገበያው በሳቅ ፈረሰ።

«ምነው አያ፣ በሬው አኩርፎ ዞረብዎ?»

«ባለፈው ሙሽራዋን አሳየኸን፤ ዛሬ ደግሞ ስትፈታ ነው?» ይኸ ሐብቴ ነው።

«ኧረ ይኸስ መሄዱ ነው! እየጠፋ ሳለ ነው የሣለው!»

«ጭራውን ምን በላው?»

«ጅብ» አለ ቢሆነኝ፣ ድምፁን ሳይቀንስ። «ጭራውን ጅብ ቆረጠው። የቀኝ ዳሌው ወልቆ ነበር። የግራ ቀንዱ ወድቋል። በሬዬ ይህ ነው። ያየ ይንገረኝ፤ ያላየ ይሳቅ።»

ሳቁ ቀስ በቀስ ቀዘቀዘ። በገበያ መሀል የበሬውን ነውር ጮሆ የተናገረ ሰው ሰምተው አያውቁም። ሐብቴ እንኳ አፉን ያዘ። ያን ጊዜ ሰዉ ከኋላ በኩል ተከፈለና ያ ረጅም ሰው በቅሎውን እየሳበ ገባ።

ሥዕሉ ፊት ቆመ። «ሲተኛ በየትኛው ጎኑ ነው የሚተኛ?»

«በግራው። ቀኙን አይጫነውም።»

«ውኃ ሲጠጣስ?»

«ያደፈረሰ በሬ ካለ አይጠጣም። ወደ ላይኛው ይሄዳል።»

ሰውየው የበቅሎዋን ልጓም በክንዱ ላይ አዞረ። «ገብረሰንበት እባላለሁ። ቤቴ ከፈጠም ማዶ ነው። በሬህን ውኃ ሳወርድ፣ ከኋላ ከኋላው ስሄድ የማየው ይህንኑ ነው። በል እንሂድ።»

መንገድ ላይ ብዙ አልተነጋገሩም። ወንዙን ከተሻገሩ በኋላ ገብረሰንበት ሳል አለ።

«ባለፈው ገበያ አይቼህ ነበር።»

«አይቼሃለሁ።»

«ያን ሥዕል ሳይ፣ ይህ ሰው የጠፋበት ሌላ በሬ ነው አልሁ። እኔ ዘንድ ያለውን ቆራጣ ይዤ ወደዚያ መቅረብም አፈርሁ። እንዲያውም አዘንሁልህ። እንዲህ ያለ በሬ ጠፍቶበት ይህ ሽማግሌ ምን ይሆናል እያልሁ ነው የገባሁ።»

ቢሆነኝ ቆመ። ሰውየው ይቀልድ እንደሆነ ፊቱን አየው። አይቀልድም። መንገዱን ቀጠለ።

በሬው ከገብረሰንበት ቤት ጀርባ ከግራር ሥር ታስሯል። ጀርባውን ሰጥቷቸው ድርቆሽ ይበላል። ያዘነበለው ጣራ፣ የተቆረጠው ገመድ፣ ከሻኛው ማዶ ወደ ጉንጩ የወረደው ቀንድ። ቢሆነኝ ወደ ፊቱ አልዞረም። እዚያው ከኋላ ቆሞ፣

«ሃይ፣ ዳማ!» አለ።

በሬው ማኘኩን ተወ። ሁለቱም ጆሮዎቹ ወደ ኋላ ዞሩ።

«በቃ» አለ ገብረሰንበት። «ሌላ ምልክት አልፈልግም።»

«ለቀለቡ ምን ልስጥህ?»

«ገንዘብ ከሆነ አታንሣብኝ። ካልሆነ ግን በቅሎዬን ሣልልኝ።»

በሰኔ ሚካኤል ዋዜማ ቢሆነኝ ሻንቆን በግራ፣ ዳማን በቀኝ ጠምዶ ማሳው ላይ ወጣ። የመጀመሪያውን ትልም ሲያወጣ ዘሚካኤል በአጥሩ ማዶ ሲያልፍ አየው።

«አያ፣ እንኳን ተገኘልዎ።»

«እንኳን።»

ዘሚካኤል ትንሽ ቆመ። የሚናገረው ያለው ይመስላል። ቢሆነኝ እርፉን ተጭኖ ጅራፉን አነሣ። ዘሚካኤል ወደ ቤቱ ሄደ። ቢሆነኝ እስከ ማሳው ጫፍ ድረስ ያን ዳሌ፣ ያን ጭራ፣ ያን ቀንድ እያየ ተከተለ። ቀለሙን ልክ እንዳገኘው አየ። የግራው ቀንድ ግን እሱ ከሣለው ትንሽ ዝቅ ይላል። ይህንንም አየ።

ሰንበት ጧት ገብረሰንበት መጣ። በቅሎዋን አጥቦ፣ በግምጃ ኮርቻ አስጊጦ ነበር የመጣው። ከደጃፉ ዛፍ ጥላ ሥር አቁሞ አንገቷን ደባበሰ። ቢሆነኝ በርጩማውን አወጣ፤ ወረቀቱን በጣውላ ላይ ዘረጋ።

«ኮርቻውን አውርደው» አለ።

«ለምን? ያምርባት የለም?»

«እኔ የምሥለው በቅሎ ነው። ከነነውሯ ይሁን?»

«በቅሎዬ ምን ነውር አላትና!» አለ ገብረሰንበት ኮራ ብሎ።

ቢሆነኝ በበቅሎዋ ዙሪያ አንድ ጊዜ ቀስ ብሎ ዞረ። የኋላ እግሯ ዘንድ ሲደርስ ቆመ። ጎንበስ አለ። ብዙ አየ። ከዚያ ተመልሶ ተቀመጠና ወይን ጠጁን አነሣ።